የጮሊት መስታወት

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለኬሚስትሪ ነበር። ኬሚስትሪ ይቅር ይበለኝ። ዛሬ ያየሁትን አንድ ቦታ ካላሰፈርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የፊዚክስ መምህራችን ከእንጨት ሥራ ክፍሉ ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት አስከፈተችና ለእኔና ለጮሊት ሁለት ክብ መስታወት ሰጠችን። መልክ የሚያሳይ መስታወት አይደለም። ያላንዳች ቅብ፣ ጥርት ያለ፣ እንደ ሳህን ሰፊ፣ እንደ ጡብ ከባድ ነው። «ቴሌስኮፕ ትሠራላችሁ» አለች። «በምን?» አልኩ። «በእጃችሁ!» የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዱ መስታወት በርሜል ላይ ይተኛል። ላዩ ላይ ሻካራ ዱቄትና ጠብታ ውሃ ይደረጋል። ሌላውን ከላይ አድርገሽ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየገፋሽ በርሜሉን ትዞሪያለሽ። በቃ። ማሽን የለም፣ ቅርጽ ማውጫ የለም። የላይኛው ከመሃሉ እየጎደጎደ፣ የታችኛው እያበጠ ይሄዳል። ማን አዘዘው? መምህሯን ጠየቅኳት። «ማንም» አለች፣ «ሁለት ነገር በትዕግሥት ሲፋተግ ሌላ ቅርጽ መያዝ አይችልም።» ከዚያ ከሚያስጠላ የቆሻሻ ውሃ ውስጥ የሰማይ ዓይን ይወጣል ማለት ነው።

ጮሊት ማን እንደሆነች ልጻፍ፣ ደብተሩ ለኔ ብቻ ቢሆንም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ያኔ በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም። አሁን አትሮጥም። ዓይኗ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው። ሰሌዳ ላይ ያለውን ፊደል ከኔ ቀድማ ታነባለች፣ እግሯ ስር የቆመውን ወንበር ግን አታየውም። ሲመሽ ደግሞ ዳፍንት ነው፣ ጭልጥ ያለ ጨለማ። ኮከብ ካየች ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ ለእናቷ «ይቆማል ብዬ አልዋሽዎትም» ብሏቸዋል። ትምህርት ሲዘጋ ሌላ ከተማ አክስቷ ጋ ሄዳ በጣት ማንበብ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ትገባለች።

እዚህ ግቢ ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ክርኔን እሰጣታለሁ፣ ወሬ የያዘች መስላ ትይዘዋለች። እስካሁን የነቃ የለም። በዚህ ኮራ እላለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

«አንድ ማታ ማታ የማያይ ሰው ቢኖር» ብዬ መምህሯን ዘወር አድርጌ ጠየቅኳት፣ «በኛ ቴሌስኮፕ ጨረቃን ያያል?»

«የዓይኑ መሃል ደህና ከሆነ አዎ» አለች። «ይሄ መስታወት ብርሃን ይሰበስብለታል። እንዲያውም ከኛ እኩል ያያል።»

ጮሊት ከበርሜሉ ማዶ ቆማ መግፋቷን አላቆመችም። ስንወጣ «አለቃ» አለችኝ (እንዲህ ነው የምትጠራኝ፣ ማዘዝ ትወጃለሽ ብላ)፣ «ከመሄዴ በፊት እንጨርሰው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እንጨርሰዋለን። ምላሴ ሳይሆን ሆዴ ነው የማለው።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

እጆቿን ማየት አለብሽ! (ማንን ነው «አለብሽ» የምለው? ደብተሩን መሰለኝ።) እኔ ስገፋ ትከሻዬ ይነሳል፣ ምላሴ ይወጣል፣ መስታወቱ ይንሸራተታል። እሷ ስትገፋ ውሃ የሚፈስ ይመስላል። ዱቄቱ ሲደክም ድምፁ ይቀየራል፤ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ኋላ ያንሾካሽካል። ያንን የምትሰማው እሷ ናት። ዓይኗን ጨፍና «በቃው፣ ዱቄት ጨምሪ» ትላለች። መምህሯ ቆማ ስትመለከታት ቆየችና «ይቺ ልጅ እጇ ዓይን አለው» አለች።

ለኔ ምንም አላለችም። ግድ የለም።

ከዚያ ጮሊት ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ብቻዋን እስከ ቧንቧው ሄዳ ውሃ ቀድታ መጣች። ሮጬ ክርኔን ሰጠኋት። «አለቃ፣ እየቻልኩ እኮ ነው» አለች። «ወለሉ ርጥብ ነው» አልኳት። ርጥብ አልነበረም።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ከሻካራው ዱቄት ወደ ደቃቁ ተሻገርን። ትልቅ ቀን ነው። መምህሯ ሕጉን ደጋግማ ነገረችን፤ አንዲት የሻካራው ቅንጣት ወደ ደቃቁ ከገባች መስታወቱን ትጭረዋለች፣ ስለዚህ ሁሉም ይታጠባል። በርሜሉ፣ ባልዲው፣ ወለሉ፣ ሽርጡ፣ ጥፍር።

እንግዲህ ትዕዛዝ የኔ ሞያ ነው። ጮሊትን ሦስቴ አሳጠብኳት። «ጥፍርሽን አሳዪ። የግራውን። ደግመሽ!» እያልኩ። «ቀዶ ጥገና ልገባ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። መምህሯም ሳቀች። በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ተጫረ።

እየተቀያየርን ስንገፋ ክርርር የሚል ድምፅ ወጣ፣ ጥርስ ላይ የሚሄድ። አንስተን አጠብነው። ከዳር ተነስቶ ወደ መሃል የሚሄድ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት።

ጮሊት ፊቷ ዐመድ መሰለ። «እኔ ነኝ» አለች ወዲያው። «ጥፍሬ ውስጥ አላየሁትም ነበር።»

አይ ምንም አይደለም፣ ተረጋጊ፣ አልኳት። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ በልቤ «ነግሬሽ ነበር» ብያለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

እናቴ የልብስ አጠባ ቀን ብላ ጓሮ ተቀምጣለች። የትምህርት ቤት ሹራቤን ገልብጣ አራገፈችው። «አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ ፈላጭ ሆነሻል እንዴ? ይሄ እጅጌ እኮ አሸዋ ነው የሚዘራው!»

ሄጄ አየሁ። ሥራ ላይ እጅጌዬን ወደ ላይ እጠቀልላለሁ። እጥፋቱ ውስጥ ሻካራው ዱቄት ሞልቶ ተቀምጧል። በጣቴ አሸሁት። ያ ነው። እሱ ራሱ።

ሽርጤን ቀይሬ ነበር፣ ጥፍሬን ፈትጌ ነበር። ሹራቤን ግን ማን አሰበው? እሷ ሹራቧን አውልቃ ነው የምትሠራው።

ሰኞ እነግራታለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ልነግራት ስል መምህሯ ገባች። ጭረቱን በመብራት ገልብጣ አየችና «ምስሉን ምንም አያደርገውም፣ ቀጥሉ» አለች። እፎይ አልኩ። ታዲያ ለምን አሁን አነሳዋለሁ ብዬ ለራሴ እያስረዳሁ ሳለ፣ ጮሊት «አይሆንም» አለች።

«ምን ማለት ነው አይሆንም?» አለች መምህሯ።

«በኔ ጥፋት የተጫረ መስታወት አልጨርስም። ወደ ሻካራው ተመልሰን እናጥፋው።»

«ሳምንታት ይወስድባችኋል እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ይውሰድ።»

አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። እዚያው፣ ያኔ። መምህሯ ዓይኗን ወደኔ መለሰች፣ ምናልባት እንዳግባባት ፈልጋ። ባልዲውን ማጠብ ጀመርኩ። ያን ሁሉ ጥፍር አሳዪ ያልኩት እኔ ነኛ። ያስፈተግኩት እኔ ነኛ።

ጓደኛዬ ከፈለገች ልተባበራት ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ይሄን ጻፍኩ። አነበብኩት። ራሴ አላመንኩትም።

እሑድ፣ የካቲት 30

ነገ። ነገ በእርግጠኝነት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ጮሊት ተለውጣለች። ዱቄት አታነሳም፣ ውሃ አትቀዳም። ሠላሳ ጊዜ ትታጠብና እጇን ዘርግታ ትቆማለች። «አለቃ፣ እዪልኝ።»

«ንጹህ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ? በዚህ በኩል?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ንጹህ ነው» እላለሁ። እጇ ቆዳው ተላልጧል።

ዓይኗን ጨፍና መስማትም ትታለች። «ድምፁ ተቀየረ ወይ?» ብላ እኔን ትጠይቃለች። እኔ ደግሞ አይለይልኝም፣ የመጣልኝን እላለሁ። ደረጃ ላይ ክርኔን ከድሮው አጥብቃ ነው የምትይዘው። ጠዋት በሩ ላይ ካልደረስኩ አትገባም፣ ትጠብቀኛለች። ደስ አይለኝም አልልም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ፈተና። ራስ ምታት። አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ጭረቱ ጠፋ! እንደገና ወደ ደቃቁ፣ ከዚያ ወደ ባሰው ደቃቅ ሄድን። ከዱቄቱ ወጥቶ ሲታጠብ መስታወቱ እንደ ጠዋት ጉም ነጣ ብሏል። መምህሯ ውሃ ረጭታ ወደ መስኮቱ አዘነበለችውና ግድግዳው ላይ የመስኮቱ ምስል ተዘቅዝቆ አረፈ። ዛፉ፣ ሽቦው፣ ሽቦው ላይ ያለችው ወፍ ሳትቀር። ወፏ ክንፏን ስትዘረጋ ግድግዳው ላይ ዘረጋች። እኛ ነን ይህን የሠራነው? በእጅ? በአሸዋና በውሃ?

ጮሊት ቀስ ብላ ቀረበችና በጠባቧ ዓይኗ ፈልጋ አገኘቻት። «ወፏ ሄደች» አለች።

ወዲያው ግን «ቀሪውን አንቺ ብትጨርሺው ይሻላል፣ እኔ ዳግም አበላሸዋለሁ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። «እሺ» አልኩ። እሺ! ምን ዓይነት ሰው ነው እሺ የሚለው?

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ከእነጮሊት ቤት አሁን መጣሁ። ሂሳብ ላስጠናት ሄጄ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ስጠብቅ ከወጥ ቤቱ የእናቷን ድምፅ ሰማሁ። ለአባቷ ነው የሚነግሩት።

«እጄም ከዳኝ እያለች ነው። መስታወቱን ካበላሸች ወዲህ ማሰሮ እንኳን አታነሳም። ለምንድን ነው ትምህርት እስኪዘጋ የምንጠብቀው?»

«ልጅቷ እሱን ነገር ሳትጨርስ…»

«እሷው ናት ውሰዱኝ ያለችው!»

«እንግዲያው ለአክስቷ እደውላለሁ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ትሂድ» አሉ አባቷ።

እናቷ ሲወጡ አዩኝና ጉንጬን ሳሙኝ። «አንቺ ባትኖሪላት ምን ይውጣት ነበር የኔ ልጅ» አሉኝ። የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መስዬ አጎነበስኩ።

ትምህርት ሲዘጋ አይደለም፣ ከፋሲካም በፊት ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ትሄዳለች። በኔ ሹራብ ምክንያት። በሹራቤም አይደለም፣ ሹራቡ ምን አደረገ? በአፌ ነው። በዝምታዬ።

እኔ የፈራሁት መምህሯ እንድትታዘበኝ ነበር ብዬ ነው እስካሁን ያሰብኩት። አሁን ተጋድሜ ሳስበው ሌላ ነገር መጣብኝ። ያ የየካቲቱ ቀን፣ ብቻዋን ውሃ ቀድታ የመጣችበት፣ ለምን ነበር የከፋኝ? አልጽፈውም። ጻፍኩት እኮ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ነገርኳት።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነበርን። መስታወቱን የምናጠራበትን ሬንጅ ሙቅ ውሃ ውስጥ እያለዘብኩ ነበር። ሳላስበው ወጣ። «ጭረቱ የኔ ነው። ዱቄቱ የሹራቤ እጥፋት ውስጥ ነበር።»

«ልታጽናኚኝ ነው?»

«አይደለም። እናቴ ስታራግፈው አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«በማግስቱ።»

ዞር አለች። ፊቴን ፈልጋ መሃል ላይ እስክታገኘኝ ትንሽ ቆየች። ስታገኘኝ ደግሞ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም።

«በማግስቱ» አለች። «ያን ሰኞ እዚህ ቆመሽ ወደ ሻካራው እንመለስ ስል ታውቂ ነበር። ጥፍሬን እዪልኝ ስልሽ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ እዪልኝ አልኩሽ?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ዓይኔን ቀስ በቀስ ነው የሰጠሁት» አለች፣ «እየተሰናበትኩት። እጄን ግን አንቺ ነሽ የወሰድሽብኝ። እጅ ብቻ ነበር የቀረኝ፣ አለቃ።»

አለቃ ስትለኝ የመጨረሻዋ ጊዜ ይቺ መሰለችኝ።

ከዚያ ሹራቧን አወለቀች። ሽርጧን አሰረች። ቧንቧው ጋ በራሷ ሄዳ ታጠበች፣ አንዴ ብቻ። ተመልሳ ሬንጁን ከእጄ ወስዳ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ ልስላሴውን ለካች። «ገና ነው» አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለሬንጁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ብቻዋን እየሠራች ነው። በሬንጁ ላይ ቀይ ዱቄት በብሩሽ እየቀባች፣ መስታወቱን ላዩ ላይ እየገፋች፣ በርሜሉን እየዞረች። እጆቿ እስከ ክርኗ ቀልተዋል። እኔን የምታናግረኝ በአንድ ቃል ነው፤ «ውሃ»። አመጣለሁ። «ብርሃን»። መጋረጃውን እከፍታለሁ። እንዳባረረችኝ አልቆጥረውም፣ እንድቀመጥ ፈቅዳልኛለችና።

እውነትም ዓይን ያለው እጅ ነው። ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ወደ መስታወቱ አዘንብላ ስትዞር አፌን ከፍቼ ነው የማያት። ይህን ነገር ነው እኔ «ንጹህ ነው» እያልኩ አፍኜ የያዝኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

መምህሯ ዛሬ ፈተና አደረገችለት፤ የኛን አይደለም፣ የመስታወቱን። መጋረጃው ተዘጋ፣ ከትንሽ ቀዳዳ ብርሃን ተለቀቀበት፣ ከፊቱ ምላጭ ተደርጎ በምላጩ ጫፍ ይታያል። እንደ ጨረቃ ለስላሳ ጥላ ሆኖ ነው የሚታየው። አንዳች ጉድለት ካለ ጥላው ላይ ኮረብታ ወይም ገደል ሆኖ ይወጣል።

«አሁን አውራ ጣትሽን አሳርፊበትና አንሺ» አለቻት።

ጮሊት አሳረፈች፣ አነሳች። ተመለከትኩ። ጣቷ የነካበት ቦታ ላይ ጉብታ ወጥቷል! የእጇ ሙቀት መስታወቱን አሳብጦት ነው። በዓይን የማይታይ፣ ከፀጉር ብዙ እጥፍ የቀጠነ እብጠት፣ እዚያ ግን ተራራ ያህል ቆሟል። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እያየሁት፣ ወደ ነበረበት ተመለሰ። እንዲህ የሚሰማው ነገር እኮ ነው ያለ ጥንቃቄ ስንገፋው የከረምነው።

«ቅርጹ ግሩም ነው» አለች መምህሯ። «እንዲህ ያለ ከባለሙያም አላየሁም። የማን እጅ ነው?»

«የእሷ» አልኩ። «ጭረቱ ደግሞ የኔ ነበር። ሹራቤ ላይ ነበር ዱቄቱ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

መምህሯ መጋረጃውን ከፈተችው። ፊቷን ላየው አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ችግር። መስታወቱ ብርሃን እንዲመልስ ብር መሰል ቅብ ይቀባል። የሚቀባው ሩቅ ተልኮ ነው፣ ሳምንታት ይፈጃል። ጮሊት በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ትሄዳለች።

«አልቀርም» አለችኝ ዛሬ፣ ሳልጠይቃት። «ግን እጄ ስለከዳኝ አይደለም የምሄደው። ለእናቴም ነግሬያታለሁ። መማር ስላለብኝ ነው።» ረጅም ንግግር ነበር፣ ለኔ ከሆነ።

ማታ ማታ ደመና ነው። ደመና ባይኖርስ፣ ቅብ ከሌለው ምን ያሳያል? በሳምንታቱ ዝምታዬ የወሰድኩባት እጇን ብቻ አይደለም። ጨረቃዋንም ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀና አልኩ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰማያዊው ላይ፣ ግማሽ ጨረቃ። ስንት ዓመት በላዬ እንዲህ በቀን ስትሄድ ኖራለች፣ እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ!

ተመልሼ ሮጥኩ። «ጨረቃ ብቻ ብትሆንስ?» አልኳት መምህሯን። «ያለ ቅብ? በቀን?»

ጠመኔዋን አስቀመጠች። ስትስቅ አየኋት፣ እውነቱን ከነገርኳት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ራቁቱን መስታወትም እኮ ትንሽ ይመልሳል። ለጨረቃ… ለጨረቃ ይበቃል!»

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ቱቦው ከካርቶን ነው፣ እግሩ ከተሰበረ ዴስክ። ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳው ላይ አቆምነው። የአባቷ መኪና ዕቃ ተጭኖበት በሩ ጋ ቆሟል፤ ከመምሸቱ በፊት መንገዱን መጨረስ ይፈልጋሉ። እናቷ ከውስጥ አልወረዱም። ጨረቃ ከጣሪያዎቹ በላይ ነጣ ብላ ወጥታለች።

መምህሯ አነጣጠረችና ወደ ኋላ አለች። ጮሊት ቀረበች። ማያውን በጣቷ ዳስሳ አገኘችው፣ ዓይኗን አስጠጋች።

እጇ ቱቦው ላይ እንዳረፈ ቀረ። አባቷ ከመኪናው ወርደው መጡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ፣ ለምን እንዳወለቁት እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ጉድጓዶች አሉ» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። «ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ጉድጓድ። ጫፉ ላይ፣ ብርሃኑ ጨለማውን የሚነካበት ጋ፣ ተራሮች አሉ። ጫፋቸው ብቻ ያበራል፣ ግርጌያቸው ገና አልነጋም። አባዬ፣ እዚያ አሁን እየነጋ ነው!»

አባቷ ፊታቸውን አዞሩ።

ለረጅም ጊዜ አየች። ጨረቃ ከማያው ስትወጣ በእጇ ቱቦውን ገፋ እያደረገች ተከተለቻት፣ ማንም ሳያሳያት። ከዚያ ቀና አለችና «ነይ፣ እዪ» አለችኝ።

ዓይኔን አስጠጋሁ። ነጭ ብዥታ ብቻ ነው። የሚፈስ፣ የሚዋልል ነጭ።

«ምን አየሽ?»

ተራሮቹን ልል ነበር። ጉድጓዶቹን ልል ነበር። ነግራኛለች፣ መድገም ነው። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ምንም» አልኩ። «እያለቀስኩ ነው። ምንም አላየሁም።»

አባቷ የመኪናውን ቁልፍ በእጃቸው ሲያንሿሹት ይሰማኛል። ይሄኔ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እንባሽን ጥረጊ» አለች። «እጠብቅሻለሁ።»